ዋይለም የምትባለው ቃልና የዘርጋው አልጋ

መስቀል ሊገባ ሰሞን ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ሥራ ይፈታል። ቢሮዎቹ የሚከፈቱት በግማሽ ልብ ነው፤ ከተማው በሙሉ ፊቱን ወደ መናኸሪያው አዙሮ ከአዲስ አበባ የሚወርደውን ሰው ያያል። ማን መጣ፣ ማን ወፈረ፣ ማን መኪና ይዞ መጣ፣ ማን አምና በለበሰው ጃኬት መጣ ይባላል። እኔም ሱቄ በር ላይ በርጩማ አውጥቼ ይህንኑ ስታዘብ ነበር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ የመጣችው። ከወልቂጤ ለበዓል ወደ ቤተሰቦቿ መምጣቷ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው አሮጌ የእንግሊዝኛ ግጥም ነው፤ ከላይ በኩል አንዲት ቃል በእርሳስ ተከባለች።

«እህቴ፣ ይቺን ታውቂያታለሽ? ስልኬ ፓኬጅ ጨርሷል» አለችኝ።

አየኋት። ዋይለም ትላለች።

«ድሮ ማለት ነው» አልኳት።

«በቃ?»

«በቃ።»

«ታዲያ እንደ ሰው ድሮ ብሎ አይጽፍም ነበር?» ብላ ሳቀች፤ ወረቀቷን ሰብስባ፣ ካፊያው እንዳያበሰብስባት ከሹራቧ ሥር ሸጉጣ ወደ ባጃጁ ሮጠች።

እውነቱን ለመናገር ድሮ ማለት ብቻ አይደለችም። ግን ይህን ባጃጅ ለሚጠብቃት ሰው በር ላይ ቆሞ ማስረዳት አይቻልም። ከዚያች ቃል ጋር ከተዋወቅን ብዙ ዓመት ሆነን፤ ሳስባት ሰው ይመስል ታሳዝነኛለች። ሠላሳዎቹን ገና ሳልጨርስ እንደ ሽማግሌ ማስታወስ እንደማያምርብኝ አውቃለሁ። ነገር ግን በእኔ ዕድሜ ያለ የዚህ አገር ሰው ቶሎ ነው የሚያረጀው፤ ጓደኞቹ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ዓረብ አገር፣ ግማሹ ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ሒሳቡ አይሞላም፤ እኛም አልሞላንም።

ቃሏን ሳውቃት ወልቂጤ ነበርኩ። በካርታ ላይ ስታያቸው ወልቂጤና ቡታጅራ ጎረቤት ናቸው፤ በመኪና ግን ተራራው መሃላቸው ስለቆመ መዞር ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ የትም የሚያደርሰኝ ስላልነበረ እናቴ በጅማ መንገድ ዳር ቁርስ ቤት ወዳላት አክስቴ ላከችኝ። ከተማዋ ያኔ ባጃጅ ገና መልመዷ ነበር፤ አሮጊቶቹ ሲሳፈሩ በሁለት እጃቸው ብረቱን ጨብጠው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ሻይ አንድ ብር ነበር፤ ዛሬ በአንድ ብር የሻዩን እንፋሎት እንኳ አያሸቱህም። ወንዶቹ ጠባብ ጅንስ በሸራ ጫማ አድርገው ፀጉራቸውን በጄል ያቆማሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ከጄሉ ጋር ኩራታቸውም ግንባራቸው ላይ ይወርዳል። ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የተገተረው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የጉራጊኛ ዘፈን ይደጋግማል፤ ወደ ጅማ የሚያልፉት ሹፌሮች ፍጥነታቸውን ቀነስ፣ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄዳሉ። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ደንበኛ ቀለል ሲል በስኳር ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ጻፊ ያለኝም የለም። አክስቴ ወረቀቱን ስታገኝ ስኳር ትቋጥርበት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ግጥሞቼ በዚያ መንገድ ነው ወደ ሕዝብ የደረሱት።

ዘርጋው የመንደሬ ልጅ ነው። ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን የእነሱ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ የእንሰት ጓሮ ነው የሚለያዩት። እኔ ብርጭቆ ሳጥብ እሱ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ መጣ። የደረሰው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ነው። «እኔ የጠየቅኩት ቃል ነበር፤ የሰጡኝ ቁጥር ነው» ይል ነበር። ክንዱ ላይ ያጠረች አንዲት አረንጓዴ ሹራብ ነበረችው፤ ሁልጊዜ እጅጌዋን ወደ ታች ይጎትታታል፣ ሁልጊዜ ትመለስበታለች። ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ ቤት ይመጣና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ጨዋታችን እንዲህ ነበር፦ አንዳችን ማንም የማያውቃት የእንግሊዝኛ ቃል እናመጣለን፤ ሌላው ትርጉሟን ብቻ ሳይሆን የትውልድ አገሯን ፈልጎ ያመጣል። ያቃተው ሻይ ይጋብዛል። እኔ የምጋብዘው የአክስቴን ሻይ ስለነበረ ጨዋታው ለእኔ ያደላል።

ዳኛችን መምህር አስናቀ ነበሩ። ከጎጃም ለሁለት ዓመት ተመድበው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወልቂጤ የቀሩ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። በጋ ከክረምት የማያወልቋት ቡኒ ኮት ነበረቻቸው። አክስቴ ቤት የሚቀመጡባት ወንበር የታወቀች ናት፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠባት ምንም ሳይሉ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቅዳሜ ዘርጋው ከመንገድ ዳር ከገዛው ሽፋን አልባ መጽሐፍ ላይ ዋይለምን ይዞ መጣ። መምህር አስናቀ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩአት።

«ድሮ፣ ቀድሞ ማለት ነው። ማንም አይናገርባትም። ይቺ ቃል ጡረታ ወጥታለች ልጄ፤ ጡረተኛ ከቤቷ አትጎተትም» አሉ።

«ጡረተኛም የተወለደበት አገር አለው ጋሼ» አለ ዘርጋው።

መምህር አስናቀ ሻዩን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «እሱስ አለው» አሉ።

በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ሄድን። ያኔ ኢንተርኔት ቤት ማለት በጨርቅ መጋረጃ የተከፋፈሉ አምስት ስድስት ማሽኖች፣ አንድ የሚያቃስት ማራገቢያ፣ አንድ ደቂቃ የሚቆጥር ባለቤት ነው። ገጹ ከላይ ወደ ታች በስንዝር በስንዝር ይከፈታል፤ አንድ መስመር ወጥቶ ቀጣዩ እስኪመጣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናወራለን። እንዲህ ቀስ ብላ በወረደችው ገጽ ላይ ነው የቃሏን ታሪክ ያገኘነው። ዋይለም በጥንቱ እንግሊዝኛ ድሮ ማለት አልነበረችም። አንዳንዴ ማለት ነበረች። ሥሯ ጥቂት ጊዜ፣ አንድ አፍታ የሚል ቃል ነው፤ ያ ቃል ዛሬም ዋይል እየተባለ በየቀኑ ይሠራበታል። ያንን አፍታ አበዙት፤ አፍታዎች ሆነ፣ በየመሃሉ፣ አልፎ አልፎ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንዳንዴ ማለቷ ቀርቶ ድሮ ማለት ሆነች። ከዚያ በታች ደግሞ ከአፍታ በፊት ምን እንደነበረች ሊነግረን ሲል መብራት ጠፋ።

«ጋሼ፣ ልናየው ስንል እኮ ነው የጠፋው» አለ ዘርጋው ባለቤቱን።

«መብራቱን እኔ አልወለድኩት» አለ ሰውየው። «ደግሞ ጋሼ አትበለኝ፣ እኩያህ ነኝ።»

በእግራችን ወደ አክስቴ ቤት ስንመለስ ዘርጋው ሹራቧን እየጎተተ ሄደ። የአውራ ጎዳናው ማዞሪያ ጋ፣ ጎማ ነፊዎቹ የሚቀመጡበት ስንደርስ ቆመና፣ «አየሽ፣ መጀመሪያ ገና የሚመጣ ነገር ነበረች። አንዳንዴ ማለት ነገም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ያ የሚመጣው ነገር እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ መምጣቱን ተወ፤ እሷም ድሮ ሆነች» አለኝ።

«መቼ ነው የዞረችው?» አልኩት።

«ማንም አላየም ፅጌ። እንደዚህ ያለ ነገር ሰው እያየው አይዞርም።»

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ተመልሰን የቀረውን ማየት እንችል ነበር። እሱ ነው ተዪው ያለኝ። «አንዲት ደረጃ ትቅረን። ሁሉን ካወቅናት ምን እናወራለን?» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ከአንድ ሰው ጋር ያላለቀ ነገር መያዝ ምን ያህል እንደሚያሞቅ ያኔ ነው የገባኝ፤ አሁን ሳየው እሱም ያኔ ብቻ የሚያሞቅ ነገር ነው።

ወልቂጤን በቅርቡ አይቻታለሁ። ኢንተርኔት ቤቱ የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። የአክስቴ ቁርስ ቤት ለመንገዱ ማስፋፊያ ፈርሷል፤ አክስቴም አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ሄዳ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። መምህር አስናቀ በመጨረሻ አገራቸው ሊገቡ ዕቃቸውን ሸክፈው መንገዱ መዘጋቱን ሰምተው ፈቱት፤ ከዚያ በወልቂጤ ሞቱ። ለቀብራቸው የጎጃም ልጆችም የቸሃ ጉራጌ ሽማግሌዎችም ወጡ አሉ። ቡኒ ኮታቸውን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ የለም። ድምፅ ማጉያው ብቻ ቦታው ላይ አለ፤ የሚጮኸው የማስታወቂያ ድምፅ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ትከሻም አላየሁም።

ዘርጋው ተመረቀ። ጥቁር ጋውኑን ለብሶ ከእናቱ ከእትዬ ብርቄ ጋር የተነሳው ፎቶ ላይ እጅጌው ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ ነው። ከዚያ መንደራችን ተመልሶ ሥራ ፈለገ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ያነባል፣ ይመዘገባል፣ ይመለሳል። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ቤት ፑል ሲጫወቱ የሚውሉትን ተመራቂዎች ቆሞ ያያል፤ አይጫወትም፣ አይሄድም። እኔም ያን ጊዜ ወደዚህ ተመልሼ አንድ አሮጌ ማሽን ገዝቼ ይህን ሱቅ ከፍቼ ነበር። የሥራ ማመልከቻውን ኮፒ የማደርግለት እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ ከማሽኑ ሲወጣ ገና ትኩሱን ይዞ ጉንጩ ላይ ያስጠጋዋል። ያን ሰሞን የመንደሩ ልጆች በየተራ በደቡብ መንገድ ይወጡ ነበር፤ ሞያሌ፣ ከዚያ ኬንያ፣ ከዚያ ስሙን የማናውቀው አገር ሁሉ፣ መጨረሻው ደቡብ አፍሪካ። አንድ ጠዋት እሱም ቦርሳ ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

«ዘንድሮ መስቀልን እዚህ አልሆንም» አለኝ።

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞ እመጣለሁ። ያቺን የቀረችንን እስክመጣ እንዳትፈልጊያት። ብቻሽን ካየሻት አውቅብሻለሁ።»

«በምን ታውቃለህ?»

«ፊትሽ አይችልም» አለኝ፤ መኪናው ጡሩምባ ነፋ።

እናቱ ያኔ ስልክ ስላልነበራቸው የሚደውለው እኔ ጋ ነበር። እኔ ሱቄን ዘግቼ ባጃጅ ይዤ ሄጄ የተናገረውን አንድ ሳላስቀር ለእትዬ ብርቄ እነግራለሁ። መጨረሻ የደወለው ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ማዶ ነው። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ «አፈሩ ቀይ ነው፣ እንደኛ ነው» አለኝ። «እንሰት የሚመስል ሞልቷል፤ ግን ሙዝ ነው። ፍሬውን ይበሉና ግንዱን ይጥሉታል። ለእማዬ ንገሪያት፣ ትሳቅ።» ቃሏን ፈልገሽ አየሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም አልኩት። «ጎበዝ» አለ። እትዬ ብርቄ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ግንዱን ይጥላሉ? ቆጮው እዚያ ውስጥ ሳለ? ታዲያ እነዚያ ምን ሰዎች ናቸው?» ከዚያ ወዲህ ባየኋቸው ቁጥር ያንን እንድደግምላቸው ይጠይቁኛል። ደጋግሜ ከመናገሬ ብዛት የእሱ ድምፅ ከውስጡ ወጥቶ የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ስልኩ ያኔ ዝም እንዳለ ቀረ። እኛ አገር መስቀል ሲደርስ ከሩቅ ለሚመጣ ልጅ አልጋ ይነጠፋል። እናቶቹ ብርድ ልብሱን አጥበው በእንሰቱ ላይ ያሰጣሉ፤ ከመንገድ ሆነህ ስታይ በየጓሮው ስንት ብርድ ልብስ እንደተሰጣ አይተህ ስንት ልጅ እንደሚጠበቅ ታውቃለህ። እትዬ ብርቄም የዘርጋውን ያነጥፋሉ። አባቱ ከመሞታቸው በፊት ከባሕር ዛፍ የሠሩለት አልጋ ነው፤ ከቤቱ ጎን ባለችው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። መስቀል በመጣ ቁጥር ቤቱ በሰው ይሞላል፤ የልጅ ልጆቹ መሬት ላይ በሰሌን ላይ ተደራርበው ይተኛሉ፤ ያ አልጋ ግን እንደተነጠፈ ባዶውን ያድራል። አንድ ዓመት የትልቁ ልጃቸው የተክሌ ሚስት ነፍሰ ጡር ሆና፣ መንገድ አድክሟት ጫፉ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ብርቄ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ሌላ ቦታ ላንጥፍልሽ፤ እሱ ማታ ቢደርስስ?» አሏት። ተነሳች። ከዚያ በኋላ የሞከረ የለም።

እኔም በበኩሌ ያቺን ቃል አልነካኋትም። ሰው ሁሉ ዓለምን በኪሱ ይዞ መዞር ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው፤ በመብራት መጥፋት ማሳበብ አልችልም። ሌላ የፈለግኩትን ቃል ሁሉ ፈልጌያለሁ። እሷን ግን ለብቻዋ አስቀምጬ ዙሪያዋን እየዞርኩ ኖርኩ። ግጥም ስጽፍ እንኳ ድሮ የሚለውን ቃል እዘልለው ነበር። ሞኝነት ነው ይባል ይሆናል፤ አልጋ አንጥፎ ከመጠበቅ ግን አይበልጥም፣ አያንስምም።

ያቺ ተማሪ ወረቀቷን ይዛ በሄደችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ተክሌ ሱቄ መጣ። መርካቶ ጨርቅ የሚነግድ፣ ከእኔም ከዘርጋውም በብዙ የሚበልጥ ሰው ነው፤ መስቀል ሲመጣ ሳቁ ከመኪናው ቀድሞ ይሰማል። ያን ቀን ግን በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋውና በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«አንድ የእንሴኖ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ተባሮ ተመልሷል» አለኝ። «ከዘርጋው ጋር አብረው ነው የሄዱት። እኔ ዘንድ አዲስ አበባ ድረስ መጣ።»

«እሺ ጋሽ ተክሌ።»

«ሐይቁን እንደተሻገሩ ትኩሳት ያዘው። ጫካ ውስጥ ነው። ሁለት ሆነው ቀብረውታል። ከሥሩ የቀበሩበትን ዛፍ ሁሉ ነገረኝ፤ ምን ላድርገው ዛፉን?»

«መቼ ነው?»

«ላንቺ ከደወለ ብዙም አልቆየም» አለ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ማሽኑን ማየት ጀመረ። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ መስቀል፣ ያ ሁሉ የታጠበ ብርድ ልብስ።

መርዶ በመስቀል አይነገርም። ሰው እስኪበላ፣ እስኪጠጣ፣ ሽማግሌ እስኪመርቅ ይጠበቃል። ግን ደግሞ ዘመድ ወደ አዲስ አበባ ከተበተነ በኋላ እትዬ ብርቄን ማን ይዟቸው ያለቅሳል? ስለዚህ ተክሌ ከጎረቤት ጋር ተማክሮ ጨርሷል፤ በዓሉ እንዳበቃ፣ ሰው ከመሄዱ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራቸውና እርሙ ይወጣል። ሬሳ የሌለው ሰው የሚለቀሰው እንደዚያ ነው። «አንቺም ነይ። ድምፁን መጨረሻ የሰማሽው አንቺ ነሽ። እስከዚያ ግን ፊትሽን ያዢ» አለኝ። ፊቴን አለ። ሌላ ሰውም ስለ ፊቴ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር።

ተክሌ ሲወጣ ስልኬን አነሳሁ። ብዙ ዓመት ያልነካኋትን ቃል ጻፍኩ፤ ገጹ ሻይ ፉት የምትልበትን ያህል እንኳ ሳይቆይ ተከፈተ። ድሮ። ከዚያ በፊት አንዳንዴ። ከዚያ በፊት አፍታ። ከዚያ በታች ያቺ የቀረችን ደረጃ አለች፦ ከዘመናት በፊት፣ ጊዜ ከመሆኗ በፊት፣ ሥሯ ጸጥ ማለት፣ ጋደም ማለት ነበረች፤ በሰሜን አውሮፓ ይነገር በነበረ በአንድ የጥንት ዘመዷ ቋንቋ ደግሞ ያው ቃል አልጋ ማለት ነው። አልጋ። ደግሜ አነበብኩት። ለማን ልንገረው ብዬ ቀና ስል በር ላይ ሰዎች ዶሮና ካርቶን ተሸክመው ያልፋሉ።

መስቀል ገባ። በሬው ታረደ፣ ክትፎው ተከተፈ፣ ሽማግሌው ቅጠል ይዘው መረቁ። የእትዬ ብርቄ ቤት ከወትሮው ይልቅ ሞላ። ነገሩን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከእሳቸው በቀር። ሰው እጃቸውን ይስማል፣ ከሙዳ ሥጋው ምርጡን ወደ እሳቸው ይገፋል፣ ማንም የማያስቀውን ቀልድ እየተናገረ ይስቃል። ሰው ሳያውቅ እንደዚያ ሲደገስለት ማየት ያስፈራል። ብርድ ልብሱ ታጥቦ ተሰጥቶ፣ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እትዬ ብርቄ ከጓሮ ጠሩኝ። የእንሰት ቅጠል ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ፀሐይ በቅጠሉ ውስጥ አልፋ ፊታቸውን አረንጓዴ አድርጋዋለች። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሌላውን ቅጠል ያዝኩ።

«እስቲ ያንን ድገሚልኝ» አሉ። «የሙዙን።»

«ፍሬውን ይበሉና ግንዱን ይጥሉታል አለ።»

«ግንዱን ይጥላሉ» አሉ። አልሳቁም። ቅጠሉን ገለበጡት። «ያቺ የእንግሊዝ ቃላችሁስ? ዘርጋው እንዳትነኪያት ያለሽ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ቅጠሉን እያየሁ፣ «አገኘኋት እትዬ» አልኩ።

«መቼ?»

«በዚህ ሰሞን።»

እጃቸው ቆመ። «እስኪመጣ አልፈልጋትም ስትይኝ አልነበር?»

«ነበር እትዬ።»

ጓሮው ውስጥ ልጆች ይጯጯሃሉ። ከቤት በኩል የተክሌ ሳቅ ተሰማ፣ ቶሎም ተቆረጠ። እትዬ ብርቄ የልጃቸውን ሳቅ ሰምተው ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆጥሩት የዋሉትን ነገር የጨረሱ ይመስላሉ።

«ታዲያ መጨረሻዋ ምን ሆና ተገኘች?»

«አልጋ» አልኳቸው። «ሁሉ ነገር ከመሆኗ በፊት አልጋ ነበረች ይላል።»

«አልጋ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቅጠሉን እስከ ጫፉ ጠረጉ፤ አንድም ቦታ አልዘለሉም። አጣጥፈው ከሌሎቹ በላይ አስቀመጡት። አላለቀሱም። በዓል ነው፤ በበዓል ቀን የተናገራቸው ሰው የለም፣ እሳቸውም የሰሙት ነገር የለም። ዞር ብለው ፊቴን አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ደክሞሻል አንቺ ልጅ። ፊትሽ ጠቁሯል። ሂጂ፣ እዚያ ክፍል ገብተሽ ጋደም በይ።»

«የቱ ክፍል እትዬ?»

«የተነጠፈው።»

ሂጂ አሉኝ እንደገና፣ በእጃቸው። ተነስቼ ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ የሳሙናና የፀሐይ ሽታ ነበር። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ማንም መጥቶ ተነሽ አላለኝም። ጋደም አልኩ። ባሕር ዛፉ ስንት ዓመት ሰው ሳይተኛበት ኖሮ እንደ አዲስ አልጋ ጮኸ። ብርድ ልብሱን ደረቴ ላይ ሳብኩት፣ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል የእግር ኮቴ ሰማሁ።

«ፅጌ የት ሄደች?» አለ ተክሌ።

«ቀስ በል። ተኝታለች» አሉ እትዬ ብርቄ።

«የት?»

በሩ ትንሽ ተከፈተ፤ ተክሌ አየኝ፣ እኔም አየሁት። በሩን መልሶ ዘጋው። ከውጭ ድምፁ ልጅ ሆኖ ተሰማኝ።

«እማዬ… የዘርጋው አልጋ ላይ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አልጋ ነው ተክሌ። ሰው ይተኛበት።»